ከካሴቱ ውስጥ የተሰማ ሳቅ

ሚስቴ ስለ እኔ ለሰው ስታወራ፣ «እሱ ሻዩ ቢጣፍጠው እንኳ ስኳሩን ማን እንደጨመረው ሳያጣራ አይጠጣም» ትላለች። አልዋሸችም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት የፈጠረው ሰው የሥጋ ዘመዴ ሳይሆን አይቀርም። የምተዳደረውም በዚሁ ጠባዬ ነው፤ በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ የቆዩ የቴሌቪዥን ድራማዎችን እያየሁ ሂስ እጽፋለሁ። ሕዝብ የሳቀበትን አይቼ «ምኑ ነው ያሳቃችሁ?» እላለሁ፤ ሕዝብ ያለቀሰበትን አይቼ «ሽንኩርት ነው» እላለሁ። ሰላምታ የሚነፍጉኝ ተዋንያን አሉ። ሰላም የሚሉኝን ደግሞ ምን ፈልገው ነው እላለሁ።

በዚያ ሳምንት ተራው የደረሰው «ሁላችንም ቤት ነን» የተባለው የቤተሰብ አስቂኝ ድራማ ነበር። ለማያውቁት ባጭሩ፣ አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆችና ሁሉም «አጎት» እያሉ የሚጠሩት የእናትየዋ ወንድም በአንድ ሳሎን ውስጥ ይነታረካሉ። እኔ እንድጽፍበት የተሰጠኝ ክፍል አባትየው ሶፋ ገዝቶ የሚመጣበት ነው። ሶፋው በር ላይ ይቀረቀራል፤ አይገባም፣ አይወጣም። ውስጥ የነበረ ውስጥ፣ ውጭ የነበረ ውጭ ይቀራል። እናትየዋ ከውስጥ፣ አባትየው ከውጭ ሆነው በሶፋው ጀርባ ላይ እየተንጠራሩ ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ የተጠራቀመ ቂም ይወራወራሉ። አጎት ደግሞ በመስኮት ይገባል፣ በመስኮት ይወጣል።

የድራማው ባለቤቶች ለድጋሚ ስርጭት ያዘጋጁትን አዲስ ቅጂ ልከውልኝ ነበር። ምስሉ ታጥቦ፣ ድምፁ ጠርቶ ትናንት የተቀረጸ መስሏል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሳቁ። የድሮው ድራማ ከጀርባው የተመልካች ሳቅ ነበረው። «የዛሬ ተመልካች መቼ መሳቅ እንዳለበት እንዲነገረው አይፈልግም» ብለው ነቅለው አወጡት። ያላሰቡት ነገር ቢኖር፣ ተዋንያኑ ቀልድ በተናገሩ ቁጥር ለሳቁ ቦታ እየተዉ ዝም ይሉ እንደነበር ነው። ሳቁ ሲወጣ ዝምታው ቀረ። አባት አንድ ነገር ይናገራል፣ ከዚያ ሁሉም ቆመው ይተያያሉ። እናት ትመልሳለች፣ እንደገና ይተያያሉ። ከመካከላቸው አንዱ የሰረቀ፣ የተቀሩት ደግሞ ማን እንደሆነ የሚፈልጉ ይመስላሉ። መጠርጠር ሙያዬ የሆነው እኔ እንኳ ከበደኝ።

ስለዚህ ሳቅ ያለበትን ለማየት ወደ ጋሽ ጆሮ ሄድኩ። ጋሽ ጆሮ የድራማው የድምፅ ባለሙያ የነበሩ ጡረተኛ ናቸው። ቅጽል ስማቸው ከሙያቸው ይምጣ ከጆሯቸው ስፋት አጣርቼ አላውቅም፤ በሁለቱም ያስኬዳል። ጓሮ ያለችው ክፍላቸው ከወለል እስከ ጣሪያ በቪዲዮ ካሴት የተሞላች ናት። የፈለግኩትን ከመሃል መዝዘው አቧራውን በእጅጌያቸው ጠረጉና ሰጡኝ።

«ስትመልስ አጠንጥነህ መልስ» አሉኝ። «እናንተ ጋዜጠኞች ሌላው እንዲያጠነጥንላችሁ ትወዳላችሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሚስቴ ሥራ ገብታለች። መነጽር ቤት ነው የምትሠራው፤ መስታወቱን በፍሬሙ ልክ እየቆረጠች ትገጥማለች። ዴኩን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አወረድኩት፣ ውስጡን በአልኮል በነከርኩት ጥጥ ጠራረግኩለት፣ ካሴቱን አጎረስኩት። ቴሌቪዥኑ መጀመሪያ ሰማያዊ ሆነ፣ ቀጥሎ ነጭ መስመር እንደ ካፊያ ወረደበት፣ ከዚያ ሳሎኑ ብቅ አለ። ምስሉ ከታች በኩል ይንቀጠቀጣል። የእናትየዋ ቀይ ሹራብ ቀለሙ ከትከሻዋ አልፎ ግድግዳው ላይ ይፈሳል። ግን ሳቅ አለ። አባት ሶፋውን ሲገፋ ሳቅ፣ እናት «ከእኔና ከሶፋው አንዳችንን ምረጥ» ስትል ሳቅ፣ አባት ለመምረጥ ጊዜ ሲወስድ ሌላ ሳቅ። ቤቱ እንደገና የሰው ቤት ሆነ። እኔም ደስ ብሎኝ ሻዬን አንስቼ ተመቻቸሁ።

ከዚያ አጎት በመስኮት ገባ። አንድ እግሩን አስገብቶ አንዱን ውጭ እንዳንጠለጠለ፣ «በመስኮት የገባ እንግዳ ሻይ አይጠየቅም እንዴ?» አለ። ቀልዱ ይኸው ነው። አንዲት ሴት ግን ከሁሉም ቀድማ ሳቀች፣ ሌላው ሕዝብ እሷን ተከትሎ ፈነዳ።

ብርጭቆው አፌ ሳይደርስ ቀረ። ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ እንቅፋት እንደመታው ሰው ትንፋሿን ወደ ውስጥ ትስባለች። ከዚያ ሳቁ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ ይልና ጫፍ ሲደርስ ተንደርድሮ ይወርዳል። መጨረሻው ላይ ስርቅታ የምትመስል ነገር ታመልጣታለች። በዓለም ላይ እንደዚያ የምትስቅ አንዲት ሴት ብቻ ናት ያለችው፤ እሷም በዚያ ሰዓት መነጽር ቤት ናት።

አጠነጠንኩ። ደግሜ ሰማሁት። ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት። ክፍሉን እስከ መጨረሻው ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ የማየው ግን እንደ ሐያሲ መሆኑ ቀርቶ እንደ ባል ሆኗል። ሚስቴ ለአባትየው አትስቅም። ለእናትየዋም አትስቅም፤ እናትየዋ ደግሞ የክፍሉ ምርጥ ተዋናይት ናት። ሚስቴ የምትስቀው ለአጎት ብቻ ነው። በመስኮት ሲገባ ትስቃለች፣ በመስኮት ሲወጣ ትስቃለች፣ ኮቱ መስኮቱ ላይ ተይዞበት ሲታገልም ትስቃለች።

ታዲያ ድራማ ሄዳ ብታይ ምን ነውር አለው የሚለኝ ይኖራል። ነውሩ መዋሸቷ ነው። ገና የተዋወቅን ሰሞን ስለዚህ ድራማ ጠይቄያት፣ «አይቼውም አላውቅ፣ አልወደውም» ብላኛለች። ያኔ እኔ ለጋዜጣው የመጀመሪያ ሂሴን የጻፍኩት በዚሁ ድራማ ላይ ነበር። «በዚህ ድራማ ውስጥ የምንሰማው ሳቅ ስቱዲዮ ድረስ የሄደ የእውነተኛ ሕዝብ ሳቅ ነው፤ ሳቅ አይዋሽም» ብዬ ነበር፣ አፌን ሞልቼ። እና ከዚያ ሕዝብ መካከል አንዷ አጠገቤ ቁጭ ብላ ሳነብላት ትንፍሽ አላለችም። አጎት ሆኖ የሚሠራው ሰው ደግሞ ዝናው ከመልኩ አያንስም። በዚያን ዘመን ስቱዲዮ የገባች ቆንጆ ስልክ ቁጥሩን ሳይሰጣት አይሸኛትም ይባል ነበር። እሳት በሌለበት ጭስ አይታይም።

ምሳ ላይ፣ ከሥራ ስትመለስ፣ ዳቦ እየቆረስኩ፣ እግረ መንገዴን እንዳስታወስኩት ሆኜ፣ «ሁላችንም ቤት ነን የሚባለውን ድራማ አይተሽው ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«የቱን? የሶፋውን?»

«ስለ ሶፋ አላነሳሁም።»

«ሰው ሲያወራ ሰምቼ ይሆናላ» አለች። «አልወደውም ነበር ብዬህ የለ?» ከዚያ ተነስታ ሄዳ ንጹሑን ብርጭቆ እንደገና አጠበችው።

ሰው ንጹሕ ብርጭቆ የሚያጥበው እጁን የሚያደርግበት ሲያጣ ነው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሶፋችን ላይ ተጋድሜ የማየው ጣሪያውን፣ የማስበው መስኮቱን ነበር። ማስረጃ ያስፈልገኝ ነበር። ስለዚህ ወደ ማታ፣ ራት ስናቀርብ፣ ስልኬን ድምፅ እንዲቀዳ ከፍቼ ከጋዜጣው ሥር ደበቅኩትና ቀልድ ነገርኳት።

«አዘጋጃችን ትናንት መነጽሩ ጠፍቶበት ሲፈልግ ዋለ» አልኳት። «ለምን እንዳላገኘው ታውቂያለሽ?»

«ለምን?»

«መነጽር ስላላደረገ።»

ሳቀች። ትንፋሿን ሳበች፣ ደረጃውን ወጣች፣ ወረደች፣ ስርቅታዋ አመለጣት። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ በሆዴ ግን ያዝኩሽ እያልኩ ነበር። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በአንድ ጆሮዬ ከካሴቱ የቀዳሁትን፣ በሌላው የራቱን ሳቅ አዳመጥኩ። ከመጀመሪያው ትንፋሽ እስከ መጨረሻዋ ስርቅታ አንድ ነው። የኮንዶሚኒየም መንትያ በሮች እንኳ እንደዚያ አይመሳሰሉም። ቆሽቴ አረረ። ለዚያ መልከ መልካም የሳቀችው ሳቅና ለእኔ የምትስቀው ሳቅ አንድ ነው ማለት ነው።

በማግስቱ ካሴቱን አጠንጥኜ ጋሽ ጆሮ ጋ ሄድኩ። ስለ ሚስቴ ላለመናገር ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ስለ አየሩ አወራን፣ ስለ ወገባቸው አወራን፣ ከዚያ በጎን በኩል ገባሁ።

«ጋሼ፣ ያኔ ስቱዲዮ ውስጥ ተመልካቹ በየት በኩል ነበር የሚቀመጠው?»

«የምን ተመልካች?»

«የሚስቀው ነዋ።»

ጋሽ ጆሮ ካሴቱን ወደ ቦታው እየመለሱ ነበር። ዞር አሉና አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ እውነትህን ነው? ሳቅ አይዋሽም ብለህ የጻፍከውን ለማሾፍ የጻፍከው መስሎኝ ነበር እኮ። የድራማው አዘጋጅም እኔም ሆዳችንን ይዘን ነው ያነበብነው።»

«ተመልካች አልነበረም?»

«የት ላስቀምጠው? ስቱዲዮ የምትለው ዕቃ ቤት ነበር። ካሜራው ራሱ ጀርባው ግድግዳ ነክቶ ነው የሚቆመው።»

ከዚያ ወንበር አሳዩኝና አሠራራቸውን ነገሩኝ። ሰዎች ይሰበስባሉ፤ ጎረቤት፣ የጎረቤት ጎረቤት። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ያቆሟቸዋል። ድራማውን አያሳዩአቸውም፣ ቀልድም አይነግሯቸውም። የሚስቁት የጋሽ ጆሮን እጅ እያዩ ነው። እጃቸው ወገባቸው ጋ ሲሆን ለስለስ ያለ ሳቅ፣ ደረታቸው ጋ ሲደርስ መካከለኛ፣ ከራሳቸው በላይ ሲወጣ ቤት የሚያፈርስ። ያንን ቀድተው፣ ቆራርጠው ያስቀምጡና ድራማው ሲመጣ በየቦታው ይሰኩታል።

«ችግሩ» አሉ፣ «ሰው ሳቅ ስላሉት አይስቅም። ያፍራል። ዘፈን አውራጅና ተቀባይ እንዳለው ሁሉ ሳቅም አውራጅ ይፈልጋል። አንዲት ልጅ አመጡልኝ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ቀና ብላ ሰው የማታይ። ለወጉ ያህል እጄን አነሳሁላት። እንዴት እንደሳቀች ብነግርህ፤ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ ተከትሏት ነጎደ። ለብቻዋ ቀዳኋት። ከዚያ ወዲያ እሷን የመሰለ አላገኘሁም።»

ወንበሬን ጠጋ አደረግኩ። «አጎት ሲገባ ብቻ የምትስቀዋ?»

«አየህ፣ አንተም ጆሮ አለህ» አሉ ደስ ብሏቸው። «አጎት እኮ መልክ እንጂ ቀልድ አልሰጠውም። አባትየውና እናትየዋ ሲቀልዱ የፈለግኩትን ሳቅ ብሰካ ያስኬዳል፤ ደህና ቀልድ ላይ ማንም ይስቃል። ቀልዱ የሞተ እንደሆነ ግን እሷን አስገባለሁ። የሞተ ቀልድ ታስነሳለች። ሰውየው ራሱ አስቂኝ ነኝ ብሎ ያመነው እሷን ሰምቶ ነው፤ ዓይኗን አይቶ አያውቅም እኮ።»

ዓይኗን አይቶ አያውቅም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ጋሽ ጆሮን እጃቸውን ስሜ ልወጣ ምንም አልቀረኝ። የወጣሁት እያፏጨሁ ነው።

ማፏጨቱን ያቆምኩት የአውቶብሱ ፌርማታ ጋ ስደርስ ነው። ያ የራት ሰዓት ቀልድ ትዝ አለኝ። መነጽር ስላላደረገ። ለራሴ ቀስ ብዬ ደገምኩት። አያስቅም። እንዲያውም ያሳዝናል። ሚስቴ ግን ሳቀችለት፤ ደረጃውን ወጥታ፣ ወርዳ፣ ከነስርቅታዋ።

አውቶብሱ መጣ፣ ሄደ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። በጓደኞቻችን መካከል እኔ ቀልደኛ ተብዬ ነው የምታወቀው። ሰው ቤት ስንጋበዝ «እስቲ አንድ ጣል አድርግልን» ይሉኛል። ጣል አደርጋለሁ። መጀመሪያ የሚስቀው ማን ነው? እሷ። ከዚያ ሁሉም ይከተላሉ። ሰውየው ራሱ አስቂኝ ነኝ ብሎ ያመነው እሷን ሰምቶ ነው ብለዋል ጋሽ ጆሮ፣ ስለ አጎት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እኔ የሌላውን ሰው ሳቅ ስመረምር ስኖር፣ በራሴ ሳሎን የሞተ ቀልድ ሲነሳ አልሰማሁም። ብትወሰልት ምን እንደምላት አውቅ ነበር፤ ለዚህ ግን ቃል የለኝም። በጣም ተከፋሁ።

ቤት ስደርስ ሚስቴ ልብስ ትተኩሳለች።

«ጋሽ ጆሮ ጋ ነበርኩ» አልኳት።

ካውያውን አቆመችው። «አሉ እንዴ? የሞቱ ነበር የሚመስለኝ።»

«አሉ። ሳቅሽም አለ።»

ካውያውን ከሶኬቱ ነቅላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እንደምትክድ ጠብቄ ነበር፤ አልካደችም። «ገና ልጅ ነበርኩ» አለች። «ጎረቤታችን ናት የወሰደችኝ። ሳቂ ሲሉኝ ሳቅኩ። ሌላ ምንም የለበትም።»

«ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ?»

«ልነግርህ ነበር እኮ። በተዋወቅን በሳምንቱ ያንን ጋዜጣ ይዘህ መጣህ። ሳቅ አይዋሽም የሚለውን። እየደጋገምክ አነበብክልኝ፤ ድምፅህ ሁሉ ተቀይሮ ነበር። ምን ልበልህ? ያ የምትለው ሕዝብ እኔ ነኝ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ የሰው እጅ እያየሁ ነው የሳቅኩት ልበልህ?»

«እሺ እሱስ ይሁን። ከእኔ ጋር የምትስቂውስ?»

«ከአንተ ጋር የቱን?»

ስልኬን አውጥቼ የራቱን ሳቅ አሰማኋት። ይህን ማድረግ አልነበረብኝም። ሳቋ ክፍሉ ውስጥ ወጣ፣ ወረደ፤ እሷ ግን ፊቷ እየጠቆረ ሄደ።

«ቀዳኸኝ?» አለች። «ራት ላይ? በገዛ ቤቴ?»

«ማወቅ ነበረብኝ።»

«መጠየቅ አይቀልህም ነበር?» ተነስታ የተኮሰችውን ሸሚዜን ጨምድዳ ወረወረችው። «ይኸውልህ፣ ማወቅ ከፈለግክ እወቅ። መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ቀልድ ነገርከኝ። አያስቅም ነበር። ግን ተናግረኸው ከጨረስክ በኋላ ፊቴን ታየኝ ነበር፤ በር አንኳኩቶ ማን ይከፍትልኝ ይሆን እንደሚል ሰው። አሳዘንከኝ። ሳቅኩልህ። እንዴት ደስ እንዳለህ አታውቀውም። ከዚያ ወዲያ በየት በኩል ላቁመው?»

«ስለዚህ ሁሉም ከአንገት በላይ ነው።»

«ሁሉም አላልኩም።»

«ታዲያ ከአንጀትሽ የሳቅሽው የቱ ነው?»

«ብነግርህ ታምነኛለህ?»

መልሴን አልጠበቀችም። ስለምታውቀው ካውያውን መልሳ ሰካች።

ከዚያ በኋላ ቤታችን እንደ አዲሱ ቅጂ ሆነ። እኔ አንድ ነገር እናገራለሁ፣ ሁለታችንም ዝም ብለን እንተያያለን። እሷ ትመልሳለች፣ እንደገና እንተያያለን። ቀልድ አልነገርኳትም፤ እሷም አልሳቀችልኝም። «ጨው አቀብዪኝ» ስላት እንኳ ሳቅ የሚጠይቅ እንዳይመስልብኝ ፊቴን አኮሳትራለሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ይህች ሴት ከእኔ ጋር በኖረችበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ከልቧ ስቃ ታውቃለች ወይስ አታውቅም? ካላወቀች፣ አብሬያት የኖርኩት ሰው ሆኜ ሳይሆን አጎት ሆኜ ነው። እንቅልፍ የሚነሳ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ደግሞ ከእሷ ውጭ የሚያውቅ የለም፣ እሷን ደግሞ አላምንም።

የሂሱ ማስረከቢያ ቀን ግን የሰውን ትዳር አይጠብቅም። ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። አዲሱ ቅጂ ቤተሰቡን ተጠርጣሪ እንዳደረገው ጻፍኩ። እናትየዋ በሶፋው ጀርባ ላይ ክንዷን ዘርግታ የባሏን ኮሌታ የምታስተካክልበትን ቦታ አሞገስኩ፤ እየተሳደበች ነው የምታስተካክልለት፣ ክፍሉ ውስጥ ካለው ሁሉ የሚበልጠውም እሱ ነው። አጎትን እንደሚገባው ነካሁት። የሳቁን አሠራር አላነሳሁም፤ ሚስቴን ለጋዜጣ አንባቢ አሳልፌ አልሰጥም። አለቀና ወረቀቱን እንደ ሁልጊዜው ለእሷ ሰጠኋት። ተኳርፈንም ቢሆን የፊደል ግድፈት የምትለቅምልኝ እሷ ናት።

ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች። እሷ እስክሪብቶ ይዛ ታነባለች፤ እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ጥፍሬን አያለሁ። አንድ ቦታ እርማት አደረገች። ሌላ ቦታ ላይ ነጠላ ሰረዝ ጨመረች። ከዚያ መጨረሻው አካባቢ ስትደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

ወረቀቱን አስቀመጠች። መዳፏን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

የምታለቅስ መስሎኝ ብድግ አልኩ። በእጇ «ተወኝ» አለችኝ። ፊቷ ቀልቷል፣ ዓይኖቿ ጠፍተዋል፣ እንባዋ በአፍንጫዋ ጎን ይወርዳል። ድምፅ የለም። የምትስበው ትንፋሽ የለም፣ የምትወጣው ደረጃ የለም፣ ስርቅታም የለም። ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋችና በዚያው ተንቀጠቀጠች። እንደዚያ ያለ መልክ ኖሯት አይቻት አላውቅም፤ አታምርም ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው?»

ቀና ሳትል ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ጎንበስ ብዬ ጣቷ ያረፈበትን አነበብኩ። እንዲህ ይላል፣ «ይህ ጸሐፊ በሳቅ ጉዳይ ለረጅም ዘመን የሠለጠነ ጆሮ ያለው በመሆኑ፣ የሐሰት ሳቅ ፈጽሞ አያልፈውም።»

እኔ ነኝ የጻፍኩት። ሲጻፍ ልብ አላልኩትም፤ በየሂሴ መጨረሻ በአንድም በሌላም መልክ የማስገባው ነገር ስለሆነ እጄ ለምዶ ጻፈው። ቀልድ አልነበረም። መጀመሪያ ደሜ ፈላ፣ ለምን እዋሻለሁ። በእኔ ላይ መሳቋ ነው አልኩ። ቀጥሎ ግን ያ የትከሻ መንቀጥቀጥ እንግዳ እንዳልሆነብኝ ገባኝ። ፊቷን አላየሁም እንጂ ትከሻዋን አይቼዋለሁ፤ ከጀርባ፣ ከክፍሉ ስትወጣ። የልደቴ ቀን የሰጠችኝን ስጦታ ሳልከፍት በፊት ሣጥኑን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሳዳምጥ፣ «ራሴን አመመኝ» ብላ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘግታለች። የቧንቧ ሠራተኛውን «ቧንቧው የተበላሸው አንተ ከመምጣትህ በፊት መሆኑን በምን ታረጋግጣለህ?» ብዬ ሳፋጥጠው፣ «ራሴን አመመኝ» ብላለች። ዓይኗ ቀልቶ ስትመለስ አልቅሳ ይሆናል ብዬ እጠረጥር ነበር። ያስለቀስኳት እኔ እንዳልሆን ፈርቼ ግን አንድ ቀንም ጠይቄያት አላውቅም።

«ያ ሁሉ ራስ ምታት?» አልኳት።

አዎ ለማለት ራሷን ነቀነቀችና እንደገና ጀመራት። ሁልጊዜ በዚህ ጊዜ ተነስታ በሩን ትዘጋብኝ ነበር። በዚያን ቀን ግን አልተነሳችም፤ አንድ እጇን ዘርግታ ክንዴን ያዘች፣ እኔም ወንበሬን ስቤ ሳቋ እስኪያልቅ አጠገቧ ተቀመጥኩ።